ደጋን ለጥድ የፈረደው ማን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ሠርቶ ግቢውን ዓይን በሚሞላ ሰፊ ቅጠል ማስዋብ ያማረው ሰው መልሱን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ችግኝ ሻጩም፣ ጎረቤቱም፣ አዲስ አበባ የሚኖረው ዘመዱም ቃላቸው አንድ ነው፦ «እሱ የቆላ ነው፤ ውርጭ ይጨርሰዋል።» ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። አጥሩን ተከትሎ የፈረንጅ ጥድ ይሰለፋል፤ ከጓሮ ባሕር ዛፍ ይቆማል፤ መካከሉ ሣር ይለብሳል፤ ከበሩ ግራና ቀኝ ጽጌረዳ ይተከላል። የብዙ ደጋ ከተሞቻችን ግቢ አንዱ ካንዱ የማይለየው በዚህ ምክር የተነሣ ነው።

ምክሩ ተደጋግሞ ስለተነገረ እንደ ሕግ ይቆጠራል። እኔ ግን ስሕተት ነው ባይ ነኝ። የተክልን መልክ ከተክል አገር ጋር አምታትቷል። ቅጠሉ ሰፍቶ፣ ግንዱ ወፍሮ፣ አበባው ደምቆ ያየነውን ሁሉ የሙቀት አገር ልጅ፣ ቅጠሉ መርፌ የመሰለውን ሁሉ ደግሞ ለብርድ የተፈጠረ አድርገን መዝግበናል። የኢትዮጵያ ተራሮች ይህን መዝገብ አይቀበሉትም። እዚያው ብርዱ ውስጥ የተወለዱ፣ ውርጩን የለመዱ፣ መልካቸው ግን የሞቃት አገር ጫካ የሚያስመስል ተክሎች ሞልተውናል። ግቢያችንን ያራቆተው አየሩ ሳይሆን ምርጫችን ነው።

ከላይ እንጀምር። በሰሜን ተራሮችና በባሌው ሰነቴ አምባ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በበጋ ሌሊት ውኃ ወደ በረዶ በሚለወጥበት ቦታ ጅብራ ቆሟል። ሰው ፈዞ ሲቆም «እንደ ጅብራ ተገተረ» የሚባልበት ያ ተክል ነው። ፎቶግራፉን አገሩን ለማያውቅ ሰው ብታሳዩት ዘንባባ ነው ይላችኋል፦ ቀጥ ያለ ወፍራም ግንድ፣ ከአናቱ የተበተነ ረጃጅም ቅጠል፣ በመጨረሻም ከሰው ቁመት በላይ የሚመዘዝ የአበባ ምሰሶ። አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። በኬንያ ተራራ ያሉት ዘመዶቹ ሲመሽ ቅጠላቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው እምቡጣቸውን ከብርድ ይከልላሉ፤ ሲነጋ ይዘረጉታል። ጅብራን ነቅላችሁ ግቢያችሁ አምጡ አልልም፤ የተራራው ሀብት ነው፣ እዚያው ይኑር። የቆመው ግን ለምስክርነት ይበቃል። ሰፊና ረጅም ቅጠል ብርድን የማይችል ቢሆን ኖሮ ያ ተክል በዚያ ከፍታ ባልተገኘ ነበር።

ከዚያ ወረድ ስንል ጨንቻን እናገኛለን። ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የወጣ ሰው ሁለት ዓለም ያያል። ታች፣ 1,300 ሜትር በማይሞላ ከፍታ፣ ሙቀቱም ሙዙም አለ። ላይ፣ ከ2,500 ሜትር አልፎ፣ ጭጋግ በሚጋልብበትና ሰው ጋቢ ደርቦ በሚሄድበት የዶርዜ መንደር፣ ቤቶቹ በእንሰትና በቀርከሃ ተውጠዋል። ለምለሙና ቅጠሉ በቅጠል ላይ የተደራረበው መንደር ብርዳሙ ነው። «ሰፊ ቅጠል የቆላ ነው» የሚለው ወግ በዚያ አጭር ዳገት ላይ ይፈርሳል።

እንሰትን ትንሽ እንቆይበት፤ የክርክሩ እምብርት እሱ ነውና። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ኑሮው ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። በጉራጌ ደጋ፣ በጉመርና በጌታ በኩል፣ ገብስ በሚዘራበት ከፍታ ይበቅላል። ውርጭ እዚያም ይመታዋል፤ ገበሬው ይህን አይክድም። ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ከጎኑ ይንጠለጠላል። ነገር ግን ግንድ የሚመስለው ነገር የቅጠል እግሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተጠቅልለው የሠሩት ነው። አዲሱ ቅጠል ከመካከሉ ይወጣል፤ አሚቾ የሚባለው ወፍራም ሥሩ አፈር ውስጥ ነው። ውርጩ ውጭውን አቃጥሎ ይሄዳል፣ ልቡን አይደርስበትም፤ ዝናብ ሲጥል ተክሉ ካቆመበት ይቀጥላል። ቅጠሉ አንድ ጠዋት ጠቁሮ ስላዩት «ሞተ» ብለው ነቅለው የጣሉት ከተሜዎች ስንት ይሆኑ? ገበሬው እንዲህ ቢቸኩል ኖሮ ቆጮ የሚባል ምግብ ባልኖረ።

«እንሰት የደቡብ ነው፤ እኛ ሰሜኖቹ አናውቀውም» የሚል ካለ የእናቱን ጓዳ ይጠይቅ። ድፎ ዳቦ በምን ተጠቅልሎ ይደፋ ነበር? በኮባ። ኮባ ደግሞ የዚያው የእንሰት ወገን ነው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሸዋ ከቤት ጥግና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሲተከል ኖሯል። አባቶቻችን ሰፊውን ቅጠል ከደጋ አላባረሩትም፤ ያባረርነው እኛ ነን።

ደግሞም እንሰት ብቻውን አይደለም። ኮሶ አለ፤ ላባ የመሰለ ረጅም ቅጠሉን ዘርግቶ፣ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላውን ቁልቁል ለቅቆ፣ 2,500 እና 3,000 ሜትር ላይ እንደ ቤቱ ይኖራል። መድኃኒትነቱን ስናስብ ውበቱን ረስተነዋል። የሽኮኮ ጎመን አለ፤ ቅጠሉ ከሁለት መዳፍ የሚበልጥ፣ በደጋ መንደር ለአጥር የሚተከል፣ በተፈጥሮው ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይበቅል። እንሶስላ አለ፤ ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያቀሉበት ሥሩ የታወቀ ነው፤ ትልልቅ ነጭ አበባውን ግን ለጌጥ ያሰበው ጥቂት ሰው ነው። የደጋ ቀርከሃ አለ፤ የእንጅባራ ሰው ወንበርና አልጋ ይሠራበታል፤ ለግቢ ጥላነት ግን አይታጭም። እነዚህን በአንድ ጥግ ሰብስቦ የተከለ ሰው ብርድ አገር መሆኑን እንግዳው እስኪጠራጠር ድረስ የለመለመ ግቢ ይኖረዋል።

እኛ ያላየነውን ሌላው አይቶታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንሰትን በሥዕልና በጽሑፍ ለአውሮጳ አስተዋወቀ። በ1853 ደግሞ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ ያ በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ የሆነው፣ የእንሰት ዘር ለንደን ወደሚገኘው የኪው ዕፅዋት ማዕከል ላከ። በ1860ዎቹ በለንደኑ ባተርሲ ፓርክና በፓሪስ መናፈሻዎች በበጋ ወራት የሞቃት አገር መልክ ያለው አትክልት መደርደር ፋሽን ሲሆን፣ ከዋነኞቹ ጌጦች መካከል እንሰት ነበር። ከጎኑ የቆመው ማን ነበር? ጉሎ። እኛ ከአጥር ሥር እየነቀልን የምንጥለው ጉሎ! ዊልያም ሮቢንሰን የተባለው የአትክልት ጸሐፊ በ1871 በዚሁ አሠራር ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አወጣ፤ ከመከራከሪያዎቹም አንዱ ይኸው የኔው ነበር፦ የሞቃት አገር መልክ እንዲኖር የግድ ብርድ የማይችል ተክል አያስፈልግም፤ ብርድ የሚችሉ፣ መልካቸው ግን ያው የሆነ ሞልተዋል።

ነገሩ እዚያ አላቆመም። በደቡብ እንግሊዝ ግሬት ዲክስተር የተባለው የአትክልት ስፍራ ባለቤት ክሪስቶፈር ሎይድ በ1993 የቤተሰቡን ነባር የጽጌረዳ ስፍራ አስነቅሎ በሙዝ፣ በካናና በሰፋፊ ቅጠሎች ሞላው። ጽጌረዳ በሚመለክበት አገር ይህ ድፍረት ነበር፤ ዛሬ ግን ሰው ከሩቅ የሚጎበኘው ስፍራ ነው። አሁን በአውሮጳ የችግኝ መደብሮች ቀይ ቅጠል ያለው «ማውሬሊ» የተባለው እንሰት በዩሮና በፓውንድ ይሸጣል። የገዛው ሰው ምን እንደሚያደርግለት ተመልከቱ፦ ውርጭ ሊገባ ሲል ቅጠሉን ይቆርጣል፣ ከነአሚቾው ይነቅለዋል፣ ውኃውን አንጠፍጥፎ ጋራዥ ወይም የመስተዋት ቤት ውስጥ እስከ ጸደይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ መልሶ ይተክለዋል። እንሶስላንም ሥሩን በገለባ ሸፍኖ የብርዱን ወራት ያሳልፈዋል። ባለቤቱ «አይሆንም» ያለውን ተክል እንግዳው እንዲህ ተሸክሞ ያሳድረዋል።

«እነሱ መስተዋት ቤት አላቸው፤ እኛ ከነሱ ጋር ምን አገናኘን?» ይባል ይሆናል። ንጽጽሩ እኮ የሚያደላው ለኛ ነው። የእንግሊዝ ብርድ ወራትን ይዘልቃል፤ በታኅሣሥ የለንደን ቀን ስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ሰሜንና ምሥራቅ ሲኬድ አፈሩ ራሱ ይረጋል። የኛ ውርጭ የሌሊት እንግዳ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ሲጠራ፣ ነፋሱ ሲቆም፣ መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ትለቃለች፤ የሚመልስላት ደመና የለም። ሊነጋጋ ሲል ብርዱ ይጠነክራል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ብዙም ሳይቆይ ጋቢ ይወልቃል። ከአፈሩ ጥቂት ጣት ዝቅ ሲባል በረዶ የሚባል ነገር የለም። ይህ ማለት አሚቾም፣ የእንሶስላ ሥርም፣ የቀርከሃ ሥርም ዓመቱን በሙሉ በሰላም ያድራል ማለት ነው። እንግሊዙ በወራት የሚቆጥረውን ፈተና እኛ በሰዓታት እንቆጥረዋለን። ቀናችንም ከዓመት እስከ ዓመት አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ውርጩ እያለም ተክሉ ማደጉን አይተውም።

የደጋ ገበሬ ይህን ውርጭ በጠባዩ ያውቀዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ ረባዳው ላይ ያለ ባቄላ ሲመታ ተረተሩ ላይ ያለው ይተርፋል። ከተሜው ግን ይህን እውቀት አጥሩ ውስጥ አያስገባም። ሰፊ ቅጠል ያለውን ተክል ግቢው መካከል፣ ሜዳ ላይ፣ ለሰማይ ተጋልጦ ይተክለዋል፤ ጠዋት ጠቁሮ ሲያገኘው አየሩን ይረግማል። ያው ተክል ቀን ፀሐይ የጠጣ የድንጋይ ግድግዳ ጥግ ቢተከል፣ ወይም የትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ከላይ ቢጋርደው፣ ውርጩ ሳያገኘው ሊያድር ይችል ነበር። ጠዋት የመጀመሪያዋ ፀሐይ ወዲያው የማትመታው ጎን ቢሆን ደግሞ ይሻላል፤ የረጋ ቅጠል በድንገት ሲሞቅ ጉዳቱ ይብሳልና።

የቀረው እንክብካቤ ከማንም ኪስ በላይ አይደለም። ሰኔ ላይ መትከል፣ ክረምቱን ሥር ሰድዶ ጥቅምትን እንዲጠብቅ። ከመስከረም በኋላ ፍግና ማዳበሪያ ማቆም፣ ለጋ ቅጠል ይዞ ውርጭ እንዳያገኘው። ሥሩን በጭድ ወይም በገለባ ወፈር አድርጎ መሸፈን። አፈሩን ቀን ማጠጣት፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል። የመጀመሪያውን ዓመት ማታ ማታ በአራት እንጨት ላይ ጆንያ መወጠር፣ ቅጠሉን ሳይነካ። የተቃጠለውንም ቅጠል የውርጩ ወራት እስኪያልፍ አለመቁረጥ፤ የሞተው ቅጠል ከሥሩ ያለውን ይከልላል። ጥድ ከመከርከም የሚከብደው የቱ ነው?

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ ሦስት ነገር ያነሣሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው፣ «ተሞክሮ ሞቷል፤ በየሆቴሉ በርና በየመንገዱ አካፋይ የተተከሉትን ዘንባባዎች አላየህም ወይ?» የሚል ነው። አይቻለሁ፤ ደረቅ ዘንባባ ማንም አይቶ ያውቃል። ነገር ግን ሙቀት ውስጥ ያደገ የቆላ ዘር ችግኝ በመኪና አምጥቶ፣ ሳያለማምድ፣ በበጋ ወር፣ አስፋልት መካከል ማቆም ሙከራ አይባልም። እንዲህ የተተከለ ጥድም ይደርቃል። ደግሞ የኛ የውርጭ ወራት የድርቅም ወራት ናቸው፤ ውርጭ ገደለው የሚባለውን ብዙውን ተክል ጥማትም ተባብሮ ገድሎት ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ለተቃዋሚዬ የምለቅለት ነገር አለ፦ ሰፊ ቅጠል ውኃ ይፈልጋል። የእጅ መታጠቢያና የልብስ አጠባ ውኃ እንኳ ለግቢ ለማይተርፍበት ቤት ሰፊ የእንሰት ረድፍ ትከሉ አልልም። ሁለት ሦስት እግር ግን የማጠቢያ ውኃ ያኖራል። ከቆላ የሚመጣውን ሁሉ ውርጭ ይምረዋልም አልልም። ማንጎና ኮኮናት ደብረ ብርሃን ላይ አይበቅሉም፤ የሙዝ ፍሬም አይጠበቅ። ክርክሬ ስለ ቅጠል እንጂ ስለ ፍሬ አይደለም።

ሁለተኛው፣ «ለአገሩ ባዕድ መልክ ነው፤ ደጋ የራሱ መልክ አለው» የሚለው ነው። ይህን ሲሉ የሚያመለክቱት ወደ ፈረንጅ ጥዱና ወደ ባሕር ዛፉ ከሆነ ያስቃል። የፈረንጅ ጥድ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከመጣ ገና መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ባዕድ የሚባለው እንሰት፣ ኮሶ፣ እንሶስላና የሽኮኮ ጎመን ግን እዚሁ ተራራ ላይ የተገኙ ናቸው። ባዕድና ባላገር የሚለውን ያቀያየርነው እኛ ነን። የሀበሻ ጥድን ከዚህ ክስ አወጣለሁ፤ እሱ የአገሩ ልጅ ነው፣ በየአድባራቱም ክብሩን እንደያዘ ይቁም።

በዚህ ነጥብ ላይ ከስዊዘርላንድ የሚገኝ ትምህርት አለ። የተክል ሰብሳቢው ሮበርት ፎርቹን በ1849 ከቻይና ወደ እንግሊዝ የላከው የቻይና ዘንባባ ብርድን በመቻሉ በአውሮጳ ተስፋፋ። በደቡብ ስዊዘርላንድ፣ በቲቺኖ፣ ከግቢ አልፎ ጫካ ገባ፤ አገሬውን ዛፍ መጋፋት ጀመረ። የስዊዝ መንግሥት ከመስከረም 2024 ጀምሮ ሽያጩን ከልክሏል። ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ «ዘንባባ ብርድ አይችልም» ሲባል የኖረው ተክል በአልፕስ ግርጌ እስኪከለከል ድረስ ተራብቷል። ሁለተኛ፣ የብርድ አገር ለምለም ግቢ የሚሠራው ከውጭ በመጣ ነገር መሆን የለበትም። እኛ ይህን አደጋ የምንሸሽበት መንገድ ከማንም በላይ አለን፤ የተራራው ተክል የራሳችን ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፦ «ሰው የሚበላው ባጣበት ዘመን ስለ ቅጠል ጌጥ ታወራለህ?» አወራለሁ፤ ምክንያቱም የምለው ተክል ጌጥ ብቻ አይደለም። ሣርና የፈረንጅ ጥድ ለማን ምን ይሰጣሉ? ኮባ ለዳቦ ቅጠል ይሰጣል፤ እንሰት የሚበላ ነው፤ ቀርከሃ ዕቃ ይሆናል፤ እንሶስላ ለበዓል ይቀባል። ጠቃሚው ተክል ከውብ ተክል ጋር ሲገጥም ማየት ብርቅ ነው፤ በደጋ ግቢ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ፤ ልደብቃቸው አልፈልግም። የጉሎ ፍሬ መርዝ ነው፣ ሕፃን ባለበት ግቢ አይተከል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቢላዋና በችግኝ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ችግኙ ከጤነኛ ማሳ ይወሰድ፣ ቢላዋውም ይጽዳ። የኮሶና የሽኮኮ ጎመን ችግኝም ከጫካ እየተነቀለ ሳይሆን ከዘር ይፈላ።

እንግዲህ ኃላፊነቱ ወደ ባለቤቱ ይሂድ። የደጋ ከተሞች አስተዳደር ለመንገድ ዳርና ለመናፈሻ ችግኝ ሲያዝ ከአየሩ ጋር የተስማማ ይበል፤ ግን ዝርዝሩን ከተራራው ይጀምር፣ ከሌላ አህጉር አይደለም። ችግኝ ጣቢያዎች ኮሶን፣ የሽኮኮ ጎመንን፣ እንሶስላንና የደጋ ቀርከሃን እንደ ጌጥ ተክል አፍልተው፣ ስማቸውን ጽፈው፣ ከጽጌረዳው አጠገብ ያኑሯቸው። ችግኝ ሻጭም «ለደጋ አይሆንም» ከማለቱ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፦ ይህ ተክል ከየት ከፍታ ነው የመጣው? ደንበኛዬስ የት ጥግ ሊተክለው ነው? የሁለቱን መልስ ሳይሰማ ማገድ እውቀት አይባልም።

ባለግቢው ደግሞ በመጪው ሰኔ አንድ እግር ኮባ በድንጋይ ግድግዳው ጥግ ይትከል፤ ከሥሩ እንሶስላ ያድርግ፤ ጥቅምት ሲገባ ጭዱንና ጆንያውን ያዘጋጅ። ቢመታ ዝናቡን ይጠብቅ። ከዚያም በኋላ ካልተነሣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጥጉን ይቀይር። ያንን ሳያደርግ «ውርጭ አያስተክልም» የሚለኝን ግን አልሰማውም፤ ከጨንቻና ከጉመር ገበሬ የሚበልጥ ውርጭ አላየምና።